ከሞንታርቦ ወደ ማህተም

የምርጫ ቅስቀሳ የጩኸት ሥራ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ሞንታርቦ የጫነ መኪና፣ ቲሸርት፣ ባነር፣ ጭፈራ። እኔ የማውቀው ቅስቀሳ ግን የቆጠራ ሥራ ነው። ማን የመራጭነት ካርድ ወሰደ? ማን አልወሰደም? ማን «እሺ» ሲል ከልቡ ነው? ማንስ «እሺ» የሚለው እንግዳ ላለማሳፈር ነው? ወሎ ውስጥ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ሰዉ እንግዳ አያሳፍርም። ቡና አፍልቶ፣ መርቆ፣ «ድምፄማ ያንቺ ነው» ብሎ ይሸኝሻል። እሱን እንደ ድምፅ ቆጥረሽ ከሄድሽ ጉድ ሆንሽ።

ይህን የምጽፈው በሁለቱም በኩል ስለቆምኩ ነው። ደሴ ላይ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። በ2013 በተካሄደው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደሩ አንዲት እጩ የቅስቀሳ አስተባባሪ ሆንኩ። ከምርጫው በኋላ ሹመት መጣ። ደቡብ ወሎ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ምክትል ኃላፊ ሆኜ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የፓርቲውንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም። ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከቅስቀሳ ወደ ቢሮ የሚሄድ ሰው ይዞት መግባት ያለበት እውነተኛ ቆጠራን ነው። ውለታውን፣ ቂሙን፣ «የኛ ሰው» የሚለውን ነገር በር ላይ ትቶት ይግባ።

ይህን ሐሳብ ያጠነከረልኝ አንድ አሜሪካዊ ነው። ጄምስ ቤከር ይባላል። እኛ አገር ስሙን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ኸርማን ኮኸንን ግን በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። በግንቦት 1983 ለንደን ላይ የመንግሥትንና የተዋጊ ድርጅቶቹን ተወካዮች ሰብስቦ ያነጋገረው አሜሪካዊ ዲፕሎማት ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ። መንግሥቱ ኃይለማርያም ግንቦት 13 ከአገር ከወጣ ወዲህ አባቴ ሬዲዮውን ከጆሮው አላወርድ አለ። ቤታችን ውስጥ «ኮኸን እንዲህ አለ» ከሚለው ሌላ ወሬ የለም። ኋላ መምህር ሆኜ የዚያ ሰው አለቃ ማን ነበር ብዬ ስፈልግ ቤከርን አገኘሁት። በወቅቱ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። ከዚያ በፊትስ ምን ነበር? የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ። አንድ ዘመቻ አይደለም፣ ብዙ። ከዚያ ወዲህ ስለሱ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

ቤከር የተወለደው በ1930 ቴክሳስ ውስጥ፣ ሂዩስተን ነው። (ስለሱና ስለ ሌሎቹ አሜሪካኖች ስጽፍ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቤተሰቡ የታወቀ የጠበቃ ቤተሰብ ነው። አያቱ ለወጣት ጠበቆች የሚሰጡት ምክር ነበራቸው፤ ጠንክራችሁ ሥሩ፣ አጥኑ፣ ከፖለቲካ ራቁ። የልጅ ልጃቸውም ታዘዘ። ፕሪንስተን ተማረ፣ በማሪን ጦር አገለገለ፣ ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ሆነ። ዕድሜው ወደ አርባ እስኪጠጋ ፖለቲካ ደጃፍ አልደረሰም። በ1970 ባለቤቱ አራት ወንዶች ልጆች ጥላበት በካንሰር ሞተች። የቴኒስ ጓደኛው ነበር ከሐዘኑ ሊያወጣው የመጣው። ለሴኔት እየተወዳደረ ስለነበር ዘመቻውን በሂዩስተን አካባቢ እንዲመራለት ጠየቀው። ጓደኛው ትልቁ ጆርጅ ቡሽ ነው። ወሎ ቢሆን ይህን ሥራ የሚሠራው ቅሬው፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ነበር፤ ዓመት ሙሉ አይለቀውም። ቡሽ በዚያ ምርጫ ተሸነፈ። ቤከር ግን ሥራውን ያዘው።

እኔን የማረከኝ በ1976 የሆነው ነው። ፕሬዚዳንት ፎርድ የገዛ ፓርቲያቸው እጩ ለመሆን ከሮናልድ ሬገን ጋር ተናነቁ። የሚወስነው በካንሳስ ሲቲ ጉባኤ የሚሰበሰቡት የፓርቲው ተወካዮች ድምፅ ነው። ቤከር የፎርድ ድምፅ ቆጣሪ ሆነ። ሥራው በየግዛቱ ያለውን ተወካይ አንድ በአንድ ማነጋገር፣ ከኛ ጋር ነህ ወይስ አይደለህም ብሎ መለየት፣ መመዝገብ ነው። ያላረጋገጠውን አይቆጥርም። ለጋዜጠኞችም አጋንኖ አይናገርም። በዚህ የተነሳ የሱ ቁጥር ይታመን ጀመር። ጉባኤው ላይ ፎርድ 1,187፣ ሬገን 1,070 አገኙ። ከዚያ ፎርድ አጠቃላይ ዘመቻውን እንዲመራ ለቤከር ሰጡት። በበጋው የሕዝብ አስተያየት ከሌላው ፓርቲ እጩ ከካርተር ከ30 ነጥብ በላይ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር፤ በመጨረሻ የተሸነፉት በ2 ነጥብ ገደማ ነው። ተሸንፎ የተከበረ የዘመቻ ኃላፊ እሱን አየሁ።

ወደ ደሴ ልመለስ።

የ2013ቱ ምርጫ እንዴት ሲገፋ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። መጀመሪያ ነሐሴ 23 ቀን 2012 ተባለ፤ ኮሮና መጣና ቀረ። ቀጥሎ ግንቦት 28 ቀን 2013 ተባለ፤ እሱም ወደ ሰኔ 14 ተሻገረ። ቅስቀሳው የተጀመረው የካቲት ላይ ነው። የካቲት ማለቂያ ሁዳዴ ገባ። ሚያዝያ 5 ረመዳን ተያዘ። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ሆነ፣ ዒድ ደግሞ ግንቦት መጀመሪያ። ሁለቱ ጾሞች ተደራርበው ሰነበቱ። ወሎ ላይ በዚህ ጊዜ ሰው በቀን ሰብስበህ «ቡና ጠጡ» አትልም። ዓርብ ጁምዓ አለ። እሁድ ቅዳሴ አለ። ከአስር ሰዓት በኋላ እናቶች ለማፍጠሪያ ጉድ ጉድ ይላሉ። ከሌላ ቦታ የመጣ አንድ አስተባባሪ የምሳ ስብሰባ የበዛበት የቅስቀሳ ዕቅድ ላከልን። መልሰን ላክንለትና በቅሬ በኩል ሄድን።

በኛ ሰፈር ቅሬ ሙስሊምና ክርስቲያኑ አንድ ላይ ይቀብርበታል። ሊቀመንበሩ እያንዳንዱን ቤት ያውቃል። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ዓረብ አገር እንዳለች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ። ለቅስቀሳ ሰው ይህ ወርቅ ነው። ግን የሰፈራችን ሊቀመንበር፣ አንድ ሀጂ ናቸው፣ ገና በሩን ስገባ ነገሩን ቆረጡት።

«የኔ ልጅ፣ ቤቴ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው። የቅሬውን መዝገብ ግን ለማንም አላሳይም። በሱ የምንቀብረው ሁሉንም ነው።»

«መዝገቡን አይደለም የፈለግሁት ሀጂ። ሰዉ የሚሰበሰብበትን ቀን ይንገሩኝ። እንደሌላው ፓርቲ ተራዬን ጠብቄ ልናገር።»

«እሱማ መብትሽ ነው። አስር ደቂቃ። ካለፈ ሶላት ያስቀርብኛል።»

አስሯን ደቂቃ ተጠቀምንባት። እጩዋ ሐኪም ናቸው፤ ንግግር አያበዙም። አምስት ደቂቃ ተናግረው አምስት ደቂቃ አዳመጡ። የተጠየቁት ስለ ውሃ ነው። ሳምንት ሙሉ የማይመጣ ቦኖ አለ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ የሚሄድ ቧንቧ አለ። «አደርገዋለሁ» አላሉም። «እጠይቃለሁ፣ መልሱን ይዤ እመጣለሁ» አሉ። አንድ አዛውንት «አፈር ስሆን፣ መልሱ ባይጥመንም ይዘሽ ነይ» አሏቸው።

ደብተሬ ላይ ሦስት ምልክት ነበረኝ። ራይት ከኛ ጋር ላለ፣ ክብ ላልወሰነ፣ ኤክስ ሌላ ለሚመርጥ። እንግዳ ላለማሳፈር እሺ ያለ ሁሉ ክብ ውስጥ ይገባል። ልጆቹ ይህን አልወደዱትም። አብዛኞቹ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ዳገት ቁልቁለት ሲሉ ውለው ማታ ሲያስረክቡኝ ሁሉም ራይት በራይት ነው። አንዱን ይዤ ቁጭ አልኩ።

«ይህን ቤት ማን ከፈተልህ?»

«እማማ ናቸው ቲቸር። በደንብ ነው የተቀበሉን።»

«ምን አሉህ?»

«‹አላህ ያግዛችሁ› አሉን።»

«ካርድ ወስደዋል?»

ዝም አለ። አልጠየቀም። ራይቱን ሰርዤ ክብ አደረግሁት። በነጋታው ተመልሶ ሄደ። እማማ ካርድ አልወሰዱም ነበር፤ ምዝገባው ጣቢያ ድረስ የሚወስዳቸው አጥተው ነው እንጂ ከማንም ጋር ተጣልተው አይደለም። ምዝገባው ገና ስላልተዘጋ የልጅ ልጃቸው ደግፎ ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲህ ማንን እንደመረጡ አላውቅም። አልጠየቅናቸውም።

ሕጉ ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን 4 ቀን አስቀድሞ ቅስቀሳ ያስቆማል። እኔ እነዚያን ቀናት እወዳቸዋለሁ። ሞንታርቦው ጸጥ ይላል፣ የሚቀረው ደብተሩ ብቻ ነው። ተቀምጬ ደመርኩና ለእጩዋ በግልጽ ነገርኳቸው፤ በሁለት ቀበሌ እንሸነፋለን፣ በአጠቃላይ ግን እናልፋለን። አጠገባችን የነበረ አንድ ሰው «እንዲህ ያለ ነገር ለእጩ አይነገርም፣ ሞራል ይሰብራል» አለ። እጩዋ ግን «ለታማሚ የምርመራውን ውጤት ደብቄ አላውቅም፣ ለኔም አትደብቁኝ» አሉ። ሰኞ ሰኔ 14 ሰልፉ ረዘመ፤ ድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። ውጤቱ በየጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ እየዞርን ከደብተራችን ጋር አስተያየነው። ሁለቱ ቀበሌዎች እንዳልነው ሆኑ። የቀረውም ያን ያህል አልራቀም።

ያን ማታ እናቴ ደብተሩን ገልጣ አየችው። «ይሄ ሁሉ ኤክስ ምንድን ነው?» አለችኝ። አስረዳኋት። «ጎረቤቴን ለሁለት ከፍለሽ የጻፍሽበትን ወረቀት ቤቴ አታሳድሪ» አለች። ስሙንና ስልኩን ወደ ሌላ ደብተር ገለበጥኩ። ምልክቶቹ ያሉበትን እሷው ራሷ ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

ሹመቱ የመጣው መስከረም 2014 ነው፤ ክልሉም ፌዴራሉም አዲስ መንግሥት በመሠረቱበት ወር። በዚያ ሳምንት ቤታችን ሰው ሞላ። «እንኳን ደስ አለሽ» ይላል፤ ቀጥሎ ከኪሱ ወረቀት ያወጣል። ወንድሜን፣ እህቴን፣ ያቺን ቦታ። በጣም የከበደኝ ያ ራይቱን የሰረዝኩበት ልጅ ነው። ዲግሪ ይዞ ሥራ ፈት ሆኖ ቆይቷል። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ጫማዬ እስኪያልቅ ነው የለፋሁት» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ለፍቷል። «ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዝገብ፤ ፈተናውን የማያውቅህ ሰው ያርመዋል» አልኩት። ተነሥቶ ወጣ፤ ለብዙ ወራት ስልኬን አላነሳም። አሁንም ሳስበው ይከብደኛል። ደግሜ ብጠየቅ ግን መልሴ ያው ነው። ፈተናውን ሳያልፍ በኔ ቃል ቢገባ ኖሮ፣ ያን ፈተና ተዘጋጅታ የመጣች የማላውቃት የገጠር ልጅ ነበረች የምትቀረው። እሷን ማንም ይዞልኝ አልመጣም፤ ስለዚህ እሷን ማሰብ የኔ ሥራ ነው።

አሜሪካኖቹም በዚህ ተፈትነዋል። ጂም ፋርሊ የሩዝቬልትን የ1932 እና የ1936 ዘመቻ የመራ ሰው ነው። የሰው ስም አይረሳም ይሉታል፤ ያገኘውን ሰው ሁሉ መዝግቦ ይይዝ ነበር። በ1936 ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች ከሜይንና ከቨርሞንት በቀር ሁሉንም ያሸንፋሉ ብሎ ተነበየ፤ እንዳለውም ሆነ። ቆጠራ ይችል ነበር ማለት ነው። ግን የተሰጠው ሹመት የፖስታ ሚኒስትርነት ነው፤ በዚያ ዘመን የየከተማው ፖስታ ቤት ኃላፊነት ለፓርቲ ሰው የሚታደልበት ቦታ። ከሱ የባሰው ጆን ሚቸል ነው። በ1968 የኒክሰንን ዘመቻ መርቶ የፍትሕ ሚኒስትር ሆነ። ከዚያ ሥልጣኑን ለቆ የ1972ቱን ዘመቻ ሊመራ ተመለሰ፤ የተቃዋሚው ፓርቲ ቢሮ በድብቅ ተሰብሮ ነገሩ በተሸፋፈነበት በዋተርጌት ጉዳይ ተፈርዶበት እስር ቤት ገባ። የአገሩን ሕግ እንዲያስከብር የተሾመ ሰው ነበር።

የቤከር ሹመት ግን ሌላ ነው። በ1976 ሬገንን ለመጣል ሠርቷል። በ1980 ደግሞ የቡሽን ዘመቻ መርቶ ሬገንን እንደገና ተጋፍጧል። ሬገን ሲያሸንፉ የዋይት ሃውስ ዋና ሹም አድርገው የሾሙት እሱኑ ነው። ሁለት ጊዜ በተቃራኒ የቆመን ሰው! ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሥራ ያውቃል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። እኛ ጋ ሰው ሲሾም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ያኔ የት ነበርክ?» ነው። ቤከር ከዚያ በ1985 የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። በ1988 ወጥቶ የቡሽን ዘመቻ መራ፣ አሸነፉ። በ1989 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ጀርመን ስትዋሐድ በድርድሩ ነበረበት። በ1991 መካከለኛው ምሥራቅ ስምንት ጊዜ ተመላልሶ እስራኤልንና ዓረቦቹን ማድሪድ ላይ አንድ አዳራሽ አስገባ። እኔ ሳነበው የማየው ያንኑ የካንሳስ ሲቲውን ሰው ነው፤ አንድ በአንድ እየዞረ ከልቡ እሺ ያለውንና ያላለውን የሚለይ።

ቢሮ ስገባ የጠበቀኝ ሥራ ማንም ያላቀደው ነበር። ከነሐሴ 2013 ጀምሮ ከሰሜን ወሎ በኩል ሰው በጦርነት እየተፈናቀለ ወደ ደሴና አካባቢው ይጎርፍ ነበር። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ዴስኮቹ ውጭ ተከምረው ዝናብ ይመታቸዋል። ወለሉ ላይ በአንድ ክፍል ብዙ ቤተሰብ ይተኛል። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። አንዲት እናት ጥቁር ሰሌዳው ሥር ሦስት ጉልቻ ሳይኖራት በሁለት ድንጋይ ብረት ድስት ጥዳ ነበር፤ ሦስተኛው እግር የደረቀ የጠመኔ ሳጥን ነው። ሳጥኑ መቃጠል ሲጀምር በእጇ ታወጣዋለች፣ ድስቱን ትይዛለች፣ መልሳ ታስገባዋለች።

ጠረጴዛዬ ላይ ስለነዚህ ሰዎች የደረሰኝ ሪፖርት ያማረ ነበር። የእያንዳንዱ መጠለያ ድምር በ0 ያልቃል። ቅስቀሳ ላይ የሠራ ሰው በ0 የሚያልቅ ቁጥር ሲደረደር ሲያይ ይጠረጥራል። ሄጄ ክፍል ለክፍል ቆጠርኩ። አንዱ መጠለያ ውስጥ የተጻፈው ሁሉ የለም። ማንም ሰርቆ አይደለም፤ ገሚሱ ዘመድ አግኝቶ ወጥቷል፣ ገሚሱ ባል አንድ ቦታ ሚስት ሌላ ቦታ ተመዝግበዋል። የወጣው ሰው ግን የት ነው? ስንዴና ዘይቱ የሚከፋፈለው በመጠለያው ስም ነው። ከመጠለያ ውጭ ያለውን ማንም አልቆጠረውም።

ሀጂ ቤት ሄድኩ።

«ያኔ ብዬሻለሁ፣ መዝገብ ለፓርቲ አላሳይም» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ለፓርቲ አይደለም ሀጂ። እዚህ ቤት ስንት እንግዳ አለ?»

«አስራ አንድ። ከቆቦ የመጡ ናቸው።»

«የትኛው ዝርዝር ላይ አሉ?»

አሰቡና «የትም የሉም» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ከአልጋው ራስጌ መዝገቡን አወጡ። መዝገቡ ከቤታቸው አይወጣም፣ የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው፤ ይህን ተስማማን። በሁለት ቀን ውስጥ በዚያ ቅሬ ሥር ያለው ቤት ሁሉ ስንት እንግዳ እንዳስጠጋ ታወቀ። ሌሎችም ቅሬዎች እንዲሁ አደረጉ። የገለበጥኩት የስልክ ደብተር ጠቀመኝ፤ ለሁሉም ሊቀመንበር የደወልኩት ከሱ ላይ ነው። ለኛ የደገፈ ይሁን ሌላ የደገፈ፣ ምልክቱ ስለሌለ ልለይ ብልም አልችልም ነበር።

አዲሱን ቁጥር ይዤ ስሄድ አንድ የበላይ ኃላፊ ተቆጣ። «ቁጥሩ እኮ ወደ ላይ ተልኳል። አሁን ብንቀይረው ምን ይሉናል?» «ትክክለኛውን ላኩ ይሉናል» አልኩ። ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ሪፖርቱ በሁለት ዓምድ ተሠራ፤ በመጠለያ ያለ፣ በሰው ቤት ያለ። ከዚያ በኋላ በመጣው ዱቄት ሀጂ ቤት ያሉት አስራ አንዱ ድርሻቸውን አገኙ።

ይህም ሳይቆይ በጥቅምት 2014 ማብቂያ ደሴ ራሷ በጦርነቱ ተያዘች። አስጠጊውም ተጠጊውም አንድ ላይ ተነሣ። እኛ እናቴን ይዘን ደብረ ብርሃን ድረስ ሄድን። መንገድ ላይ ያለማቋረጥ የማስበው ያን የተቃጠለ ደብተር ነበር። የሰው ስም፣ ሰፈሩ፣ ስልኩ፣ ከጎኑ ማንን እንደሚደግፍ። ከተማ ከእጅ ወደ እጅ በሚሄድበት ሰዓት ያ ወረቀት የማን እጅ ይገባ ነበር? እናቴ የፖለቲካ ሰው አይደለችም። ግን የቅስቀሳ ሥልጠና የሚሰጥ ሁሉ እሷ ያለችውን ሊያስተምር ይገባል፤ ምርጫው ባለቀ ማታ ምልክቱን አጥፉ። በኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ነጻ ወጥታ ስንመለስ ቢሮዬ ውስጥ መሳቢያዎቹ ተገልብጠዋል፣ ኮምፒውተር የሚባል የለም። የቅሬው መዝገብ ግን ሀጂ የት እንደቀበሩት ያውቃሉ፤ አውጥተው አመድ አራግፈው እንደገና መጻፍ ጀመሩ።

ቀጣዮቹን ጊዜያት በፍጥነት ልለፋቸው። ጥገና፣ ስብሰባ፣ በጀት፣ ስብሰባ። የመንግሥት መኪና ለፓርቲ ሥራ ስጪ ተባልኩ፣ አልሰጠሁም። ከቅስቀሳ ወደ ቢሮ የገባ ሰው መጎተቱ አይቀርም። ቤከርንም አልለቀቁትም። በነሐሴ 1992 የቡሽ ዘመቻ ሲንገዳገድ ከውጭ ጉዳይ አንሥተው ወደ ዋይት ሃውስ መለሱት። የሚወደውን ሥራ ሲሰናበት ድምፁ ተናንቆት ነበር። ጓደኛው ነውና እምቢ አላለም። ቡሽ 37 በመቶ ድምፅ አግኝተው ተሸነፉ። እኔ እዚህ ላይ ከቤከር እለያለሁ። ሚኒስትርነቱ የጓደኛው ሳይሆን የአገሩ ነበር፤ በዚያ ሰዓት እምቢ ማለት ነበረበት እላለሁ።

እኔን ከቢሮ ያስወጣኝ ቦኖ ነው። በ2015 መጨረሻ አንድ ሪፖርት ለፊርማ ቀረበልኝ፤ በዝርዝሩ ላይ ያሉት ቦኖዎች አገልግሎታቸው «100 በመቶ» ይላል። ከነዚህ አንዱ እጩዋ መልስ ይዤ እመጣለሁ ያሉለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። ቧንቧው አለ፣ ቁልፉ አለ፣ ሲሚንቶው አዲስ ነው። ጀሪካኖች በሰልፍ ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቻቸው ግን ቤታቸው ናቸው። «ውሃው መቼ ይመጣል?» ብዬ አንዲት ልጅ ጠየቅሁ። «ጀሪካኑ ነው የሚጠብቀው፣ እኛ ድምፅ ስንሰማ እንወጣለን» አለችኝ። ሰኞ ተመልሼ 100 በመቶው ተሠርቷል የሚለው ግንባታውን እንጂ ውሃውን እንዳልሆነ ጽፌ ልፈርም አልኩ። አይቻልም ተባለ። እንግዲያውስ አልፈርምም አልኩ። መልቀቂያ አስገብቼ ወደ ማስተማሪያ ክፍሌ ተመለስኩ። እጩዋን ደውዬ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም በተራቸው ሰፈሩ ድረስ መጥተው ቦኖው ለምን እንደሚደርቅ የተሰጣቸውን መልስ ነገሩ። መልሱ የፓምፕ ነበር፣ ለሰዉም አልጣመውም። ግን ይዘውት መጡ።

አሁን እንደ አንድ ነዋሪ አንድ ነገር ይዤ እዞራለሁ። የምርጫ ውጤት በጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል፤ መራጩ ራሱ ሄዶ ያየዋል። የቦኖው ሪፖርት ለምን ቦኖው ላይ አይለጠፍም? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፣ ፕላስተርና ወረቀት ይበቃል። ያ ጫማው ያለቀበት ልጅ አሁን በፈተና ገብቶ ቀበሌ ይሠራል፤ ሐሳቡን ተቀብሎ ያስፈቀደልን እሱ ነው። በየሳምንቱ ውሃ የመጣባቸው ቀናት ተጽፈው ይለጠፋሉ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንዲት እናት በእስክሪብቶ «3 ቀን» የሚለውን ሰርዘው «2» ብለው ጻፉበት። ልጁ መዝገቡን ከጠባቂው ጋር አስተያየ፤ እናትየዋ ትክክል ነበሩ፣ ወደ ዞን የሄደውም ቁጥር 2 ተብሎ ታረመ።